ለሟች የተሰጠ አፍ

ረቡዕ ጠዋት እንደ ሌላው ረቡዕ ነበር። የቧንቧው ውኃ ሳይሄድ ጀሪካኖቹን ሞላሁ። ለዶሮዎቹ የተሰባበረ ሩዝ በተንሁላቸው። ሻይ አፈላሁና ከትናንት በተረፈው ዳቦ ጠጣሁ። ክፍለ ጊዜ ስላልነበረኝ የተማሪዎቹን ፈተና ሳላርም ተውሁት። ከዚያ የግቢውን በር ከፍቼ እንዳይዘጋ ድንጋይ አስደገፍሁት።

የግቢዬን በር ከጠዋት እስከ ማታ ክፍት የምተወው ለምን እንደሆነ በወረታ የማያውቅ የለም። ባለቤቴ አበረ ከሁለት ዓመት በፊት ለጉልበቱ ሕመም ወንዛዬ ፍል ውኃ ሄዶ እዚያው በድንገት ዐረፈ። እኔ ለትምህርት ጎንደር ነበርሁ። ስደርስ ልቅሶው ሊያበቃ ተቃርቧል። ሴቶቹ ተራ በተራ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ እያሉ ሲሞት ያለውን ነገሩኝ። «በሩን አትዝጉ፤ መንገድ ላይ ናት አለ» አሉኝ። እኔና እሱ በስልክ መጨረሻ ያወራነው ስለ ሩዝ ወፍጮ ወረፋ ነበር። ስለዚህ ሴቶቹ የሰጡኝን ቃል ያዝሁ። ሰው ሲያነሣብኝ ወሬ እለውጣለሁ፤ ለብቻዬ ስሆን ግን ቃሉ አለኝ። ከእሱ ብዙ ዕቃ ቀርቶልኛል፤ ቃል ግን ይኸው አንዱ ነው።

ሻዩን ሳልጨርስ ሐጂ መሐመድሰዒድ ደወሉ።

«መምህርት፣ ጠራቢው ከፀሐይ ጋር እኩል ተነሥቶ መጥቷል። ተቀምጦ ድንጋዩን ያያል፤ ድንጋዩም እሱን ያያል። ዛሬ ቃሉን ካላመጣሽልን ሁለቱም እዚሁ ሊያረጁ ነው።»

ሐጂ ገበያው አጠገብ የጨርቅ ሱቅ አላቸው። ድንጋዩ የቆመው ከሱቁ በስተጀርባ፣ በግቢያቸው ነው። በአደባባዩ ሊተከል የታሰበ የቀኛዝማች እንግዳው መታሰቢያ ነው። ስሙና ማዕረጉ ተቀርጾ አልቋል። ከስሙ በታች የሚመጣው ቃል ግን የመታሰቢያውን ኮሚቴ ለሦስት ከፍሎታል።

ቀኛዝማች እንግዳው በጣሊያን ዘመን የዚህ ሜዳ አርበኛ ነበር። ከርብ ወንዝ ማዶ አድፍጠው ገደሉት። ሲሞት ተናገረው የሚባለው ቃል ዛሬ በየግድግዳው፣ በየባጃጁ መስታወት ላይ አለ። ወረታ «እኔን ውኃ ይውሰደኝ፤ ሜዳዬን ማንም አይወስድም» ይላል። ይፋግ «እኔን ርብ ይውሰደኝ፤ ሜዳውን ለልጄ» ይላል። ቁሐር ሚካኤል ደግሞ «ርብ ሞልቶ ይወስደኛል እንጂ ባዕድ መጥቶ አይወስደኝም» ይላል። ቃሉን ከየሽማግሌው ለቅሞ በየትምህርት ቤቱ ያስተማረው አበረ ነው፤ የታሪክ መምህር ነበር። የሚለቅመውን ሳይጨርስ ስለ ሞተ ኮሚቴው ነገሩን ለእኔ ሰጠኝ። እምቢ ማለት አልቻልሁም።

ሱቁ ስደርስ ሐጂ ለአንዲት ሴት ነጠላ እየለኩ ነበር። ሚስታቸው አሲያ ከውስጥ በርጩማ አወጣችልኝ።

«እንደ እኔ እንደ እኔ» አሉ ሐጂ መቀሱን አስቀምጠው፣ «ሦስቱንም ከላይ እስከ ታች እንጻፋቸው። ሰው የወደደውን ያንብብ።»

«ሰውዬው እኮ የሞተው አንድ ጊዜ ነው» አለች አሲያ። «ሦስት ጊዜ ይናገራል? ድንጋዩን ጨርቅ አስመሰለው፤ ለሁሉም በልኩ ሊቀድለት ነው።»

«አንቺ ዝም በይ፤ ኮሚቴ ውስጥ የለሽበትም።»

«ለዚህ ነው ያላለቀው።»

ሐጂ ሳቁ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አበረ ቢኖር ወዴት ይሄድ ነበር?»

«ወደ ቁሐር ሚካኤል» አልሁ። «ንግሥቲ ዘንድ። እናቷ በቀኛዝማች ልቅሶ ላይ ነበሩ ይባላል። አበረ ሊሄድ አስቦ ነበር፤ አልደረሰበትም።»

ንግሥቲን በዚህ ሜዳ የማያውቃት ሰው የለም። አልቃሽ ናት። ንግሥቲ ያላለቀሰችለት ሰው ሞቷል አይባልም ይላሉ። በአበረ ልቅሶ ላይም ነበረች። እኔ ስደርስ ግን ጨርሳ፣ ድምፅዋ ዘግቶ፣ ሻሿን እንደገና ስታስር ነው ያየኋት።

የወሰደኝ ባለ ባጃጅ ደሴ ይባላል። የይፋግ ልጅ ነው፤ የይፋግን ቃል በኋላ መስታወቱ ላይ ለጥፏል። ወዴት እንደምሄድና ለምን እንደሆነ ስነግረው አንገቱን ነቀነቀ።

«ለምን ይደክማሉ፣ መምህርት? ቃሉ ይኸው ከኋላዬ አለልዎ።»

«ማን ጻፈው?»

«ተለጣፊ የሚሸጠው ልጅ።»

«እሱስ ከማን ሰማ?»

«ከይፋግ ሰው ነዋ። ቀኛዝማች የይፋግን ልጅ አይደል ያገቡት? ሰው ደግሞ ለአማቱ አይዋሽም።»

«አንተ ለአማትህ አትዋሽም?»

«እኔ ገና አላገባሁም። ቀኛዝማች ግን ጨዋ ነበሩ።»

ኅዳር ገብቷል። ውኃው ከሜዳው ሸሽቶ ሩዙ ታጭዷል፤ በየማሳው ተከምሮ መወቂያውን ይጠብቃል። ገበሬዎች እርጥበቱ ሳያመልጣቸው ጓያ ይዘራሉ። ለክረምቱ ወደ ደጋ የወጡት ከብቶች ተመልሰው ገለባው ውስጥ ተሰማርተዋል። መንገዱ ዳር ዳሩን ደርቋል፤ መኻሉ ግን ገና ጭቃ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ሲታየን ባጃጁ አልሄድም አለ። ደሴ እዚያው ሊጠብቀኝ ቀረ፤ እኔ በእግሬ ሄድሁ።

በመንገዴ አንድ ነገር አስታወስሁ። አንድ ጊዜ አበረን ጠይቄው ነበር። ቀኛዝማች የሞተው በግንቦት ነው ይባላል። ርብ በግንቦት ከጉልበት አያልፍም። ታዲያ በምን ውኃ ነው ይውሰደኝ ያለው? አበረ ሳቀብኝ። «ሰውዬው ገበሬ ነው፤ ክረምቱን አስቦ ነዋ» አለኝ። መልሱን ወደድሁለት። ከዚያ ወዲያ አልጠየቅሁትም።

ንግሥቲ በግቢዋ ሸራ ላይ ሩዝ አስጥታ፣ በረጅም ዘንግ ዶሮ እየከለከለች ተቀምጣለች። ሰማንያን የተሻገረች ይመስለኛል። ወገቧ ቀጥ ያለ ነው፤ ሻሿ ንጹሕ ነው። ከሩቅ አይታ አወቀችኝ።

«እንደምን አደሩ፣ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ጭቃሽን እዚያ ሣሩ ላይ ጥረጊና ግቢ። ማን ሞተ?»

«ማንም አልሞተም።»

«ማንም ሳይሞትማ እኔን የሚፈልግ የለም» አለችና አጠገቧ ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠችኝ። ውኃ በጣሳ ሰጠችኝ። ኮሚቴውን፣ ድንጋዩን፣ ሦስቱን ቃሎች ነገርኋት። ዘንጓን ጉልበቷ ላይ አጋድማ ሰማችኝ።

«ሦስቱም ጎደሎ ናቸው» አለች በመጨረሻ። «አንዱ ራሱን ይዞ ሄደ፤ አንዱ ጅራቱን። በይ ስሚ።» ጉሮሮዋን ጠረገች። አላዜመችም፤ በንባብ አለችው።

እኔን ውኃ ይውሰደኝ፣ ርብ ጢም ብሎ ሞልቶ፣
ሜዳዬን አይወስድም፣ ባዕድ ከሩቅ መጥቶ።

ደስ አለኝ። እንደዚያ ደስ ካለኝ ቆይቷል። የወረታም፣ የይፋግም፣ የቁሐርም ቃል ከዚህ ከአንዱ የወጣ መሆኑ ወዲያው ይታያል። ስልኬን አውጥቼ እንድትደግምልኝ ለመንኋት፤ ደገመችልኝ። ቀዳሁት። ሥራው አልቋል ብዬ ነው የመጨረሻውን ጥያቄ እንደ ዋዛ የጠየቅሁት።

«እናትዎ ሲናገር ሰምተውታል?»

«ማንን?»

«ቀኛዝማችን። ሲሞት አጠገቡ ነበሩ?»

«ወለተ ሚካኤል? እናቴማ ያን ጊዜ እዚሁ ነበረች። እሱ የተመታው ርብ ማዶ ነው።»

«ታዲያ ሲናገር ማን ሰማው?»

ንግሥቲ አየችኝ። እየቀለድሁባት እንደሆነ ከፊቴ ለማወቅ የፈለገች ይመስለኛል።

«ልጄ፣ ሰውዬው የተመታው ጉሮሮውን ነው» አለች። ጣቷን ከጉርንቦዋ በታች አደረገች፤ ቀጥሎ ማጅራቷን ነካች። «በዚህ ገብቶ በዚህ ወጣ። ከፈረሱ ሳይወድቅ ነው ያለቀ። አሽከሩ በጋቢ ጠቅልሎ፣ ኮርቻው ላይ አጋድሞ አመጣው። በምን አፉ ይናገራል?»

ዶሮዎቹ ሸራው ላይ ወጡ። እኔም እሷም አልከለከልናቸውም።

«ይህን ቃል ታዲያ ማን አለው?» አልሁ።

«እናቴ ናታ።»

ከዚያ ልቅሶውን ነገረችኝ። ያን ጊዜ እሷ ገና አልተወለደችም፤ ከእናቷ አፍ ደጋግማ የሰማችው ነው። ልቅሶው የተቀመጠው ከሚካኤል በታች ባለው መስክ ነው። ሬሳው በችኮላ ተቀብሯል፤ ጠላት ሩቅ አልነበረም። ለልቅሶው የቀኛዝማችን ፈረስ በሙሉ ዕቃው ጭነው አወጡት። ለምዱን ኮርቻው ላይ አነጠፉለት፤ የግንባሩን ጎፈር በላዩ አስቀመጡ። ምንሽሩን አፈሙዙን ወደ መሬት ዘቅዝቆ አሽከሩ ያዘው። የጎበዝ አለቆቹ ፀጉራቸውን ተላጭተው ክብ ሠርተው ቆሙ። ሀገሬው ሁሉ አለ፤ የደንብያም፣ የደራም ሰው መጥቷል። ነገር ግን የሚያወራ የለም። አለቃቸው አንድ ቃል ሳይተው ሄዶባቸዋል። ተበትነን እንግባ ወይስ እንዋጋ የሚለውን የሚነግራቸው ሰው አጥተዋል።

«ያን ጊዜ እናቴ ገና ልጅ እግር ናት። ከሴቶቹ መኻል ወጥታ የፈረሱን ልጓም ያዘች። በእሱ አፍ ተናገረች። 'እኔ እንግዳው' ብላ ጀመረች። ፈረሱን አንተ አለችው፤ የጎበዝ አለቆቹን በየስማቸው ጠርታ ተሰናበተቻቸው። መጨረሻ ላይ ይህን አለች። ሰዎቹ ምንሽራቸውን አነሡ። ከዚያ የሆነውን እናንተ መምህሮቹ ታስተምሩ የለ? እኔ ምን እነግርሻለሁ።»

«ሕዝቡ ግን እሷ ስትናገር አይቷል።»

«ዓይኑ እያየ ነዋ!»

«ታዲያ ለምን 'ቀኛዝማች እንዲህ አለ' ይላል?»

«ምን ይበል?» አለች ንግሥቲ። «ከልቅሶ የተመለሰ ሰው 'ወለተ ሚካኤል አለች' ቢል ነውር ነው። ለሟቹ የተሰጠውን አፍ መልሶ መንጠቅ ነው። 'አለ' ነው የሚባል። ያየ ሰው 'አለ' ይላል፤ የሚሰማውም ልቅሶ የሚያውቅ ከሆነ ይገባዋል። ልጁ ሲሆን ግን እንጃ። የልጅ ልጁ ደግሞ ይኸው ድንጋይ አምጥቶ ልጻፍ አለ።»

«እናትዎ አልከፋቸውም?»

«ለምን ይከፋታል? አልቃሽ ስሟን አትፈልግም። ስም ከፈለገች ዘፋኝ ትሁን።» ከዚያም ጨመረች። «በእርግጥ እኔ እፈልጋለሁ። እናቴ ናት እንደዚያ ያልነበረች።»

መሣቅ ነበረብኝ፤ አልሣቅሁም። እጄ ላይ ያለውን ስልክ ወደ ቦርሳዬ ልመልሰው ሞክሬ የቦርሳው አፍ ጠፋኝ። ያሰብሁት ስለ ቀኛዝማች አልነበረም። ስለ አበረ ሥራም አልነበረም፤ እሱ የሽማግሌዎቹን «አለ» እንደሰማው አምኖ ነው ያስተማረው፣ እኔም ብሆን አምነው ነበር። ጎንደር ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ፤ ለእኛ ቤት «አለ» ማለት አለ ማለት ነው። ያሰብሁት ሴቶቹን ነው። ተራ በተራ ጎንበስ ብለው ነገሩኝ። ሁሉም «አለ» ነበር ያሉኝ።

ያን ጊዜ መነሣት እችል ነበር። የመጣሁበትን አግኝቻለሁ፤ ጠራቢው እየጠበቀ ነው። አመስግኜ ብሄድ ንግሥቲ ሳልጠይቃት አትነግረኝም ነበር። ወደ ቤቴ ገብቼ ያለኝን ይዤ እኖር ነበር። ይህን ሁሉ አስቤዋለሁ። ድንጋዩ ላይ ለሚጻፈው ቃል ማን ሰማው ብዬ ጠይቄ ለራሴ ሲሆን ዝም ማለት ግን አልሆነልኝም።

«እማማ፣ በአበረ ልቅሶም ላይ አልቅሰዋል።»

«አለቀስሁ እንጂ።»

«በእሱ አፍ ተናግረዋል?»

ንግሥቲ ተነሣች። ዘንጓን ይዛ ዶሮዎቹን እስከ አጥሩ ድረስ አባረረቻቸው። ተመልሳም አልተቀመጠችም፤ በእግሯ ሩዙን ታገላብጥ ጀመር።

«ይህ ሩዝ ዘንድሮ እርጥበቱ አልለቅ ብሎታል» አለች።

«ምን አሉ፣ እማማ?»

«ከቀብር በኋላ ልቅሶ አይደገምም፣ ልጄ። ለቤትሽም ጥሩ አይደለም።»

«አያዚሙት። ይንገሩኝ ብቻ።»

ሩዙን እያየች አለችው፤ ወደ እኔ አልዞረችም።

በሩን አትዝጉብኝ፣ አደራ አደራ፣
መንገድ ላይ ናትና፣ የኔ ባልንጀራ።

እግሬ ሥር ያለውን ጣሳ አነሣሁ። ውኃ አልነበረበትም። መልሼ አስቀመጥሁት።

«ይህን ያለው እሱ አይደለም?»

«እኔ ሳልጠይቅ አላለቅስም» አለች። አሁን ወደ እኔ ዞራለች። «ፍል ውኃ አብሮት የሄደው ጎረቤታችሁ ታደለ አይደል? ጠርቼ ጠየቅሁት። ምን አለ አልሁት። ፎጣ ላምጣልህ ብሎ ወጥቷል፤ ሲመለስ ውኃው ውስጥ ድንጋይ ተደግፎ፣ ዐርፎ አገኘው። ራቅ ብለው የነበሩት ሰዎች ያንቀላፋ መስሏቸዋል። 'ምንም አላለም፣ ብቻውን ነበር' አለኝ ታደለ። ልጁ ያለቅስ ነበር፤ ለሚስቱ ምን ልበላት እያለ።»

እኔ ታደለን አንድም ጊዜ ጠይቄው አላውቅም። ሲያየኝ መንገድ የሚለውጠው ለኀዘኔ ሲል ይመስለኝ ነበር።

«ዝም ብሎ የሄደን ሰው ዝም ብሎ መቅበር አይሆንም» አለች ንግሥቲ። «ደግሞ ሰዉ ያወራ ነበር። ሚስቱ ጎንደር ናት፣ ባሏን ጥላ ትምህርት ቤት ገባች፣ ለሬሳው እንኳ አልደረሰች ይል ነበር። ሰማሁ። መንገድ ላይ እንደሆንሽም ሰማሁ። ስለዚህ በእሱ አፍ ጠራሁሽ። ያ ሁሉ አፍ ወዲያው ተዘጋ። ስትገቢ እንዴት ብለው እንደተቀበሉሽ አላየሽም?»

አይቻለሁ። ክቡን ከፍተው አሳለፉኝ። ሴቶቹ እጄን ይዘው ነበር።

«ከፋሽ?»

«የለም።»

«መልካም ልቅሶ ነበር። ወንዶቹም አልቀሰዋል።»

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እማማ» አልሁ። ከልቤ ነው ያልሁት። ተነሥቼ እጇን ሳምሁ፤ እሷም ግንባሬን ሳመችኝ። እስከ አጥሩ ድረስ ሸኘችኝ። የእናቷ ስም በድንጋዩ ላይ ይጻፍ እንደሆነ አልጠየቀችኝም፤ ነገር ግን «የሰፈሩ ሰው ሲመረቅ ይጠሩናል አይደል?» አለችኝ።

ጭቃው መኻል ስደርስ ሐጂ ደወሉ።

«አገኘሽው?»

«አግኝቻለሁ፣ ሐጂ። የወለተ ሚካኤል ነው።»

«የማን?»

ነገርኋቸው። ስለ ቀኛዝማች ብቻ ነው የነገርኋቸው።

«ጉሮሮውን?» አሉ በቀስታ።

«ጉሮሮውን።»

«እኔ ይህን ቃል ለልጆቼ ስነግር ኖሬያለሁ። ሱቄ ግድግዳ ላይ አለ።» የአሲያ ድምፅ ከኋላ ምን አለች፣ ምን አለች ይላል። «ጠራቢውን ምን ልበለው?»

«ሁለቱን መስመር ይጻፍ። ከሥሩ ወለተ ሚካኤል፣ የቁሐር ሚካኤል አልቃሽ ብሎ ይጻፍ።»

«ኮሚቴው ይጮኻል።»

«ይጩህ።»

«ይጩህ» አሉ እሳቸውም። ከዚያ፣ «አንቺ ደህና ነሽ? ድምፅሽ ራቀብኝ» አሉኝ።

«ኔትወርኩ ነው።»

ደሴ ባጃጁን ወደ ወረታ አዙሮ እየጠበቀኝ ነበር። ጫማዬን አይቶ መርገጫው ላይ ጆንያ አነጠፈልኝ።

«የማን ትክክል ሆነ፣ መምህርት? የኛ ነው አይደል?»

«ከሁላችሁም ጥቂት ጥቂት አለ» አልሁት። ደስ አለው፤ እስከ አስፋልቱ ድረስ ያወራልኝ ነበር። እየሰማሁ ራሴን እነቀንቅለታለሁ።

አበረ ሲሞት ብቻውን ነበር። ያለውን የሰማ ሰው የለም። የመጨረሻ ቃሉ የለኝም።